ሥራ ፈቶ ባትሪ የሚጨርስ ካርድ፦ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ስላሉ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች

በበርካታ ላፕቶፖች ውስጥ ምስልን አዘጋጅተው ወደ ስክሪን የሚያወጡ ሁለት ክፍሎች ይገኛሉ። አንደኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር የተጣመረ፣ ጉልበቱ መጠነኛ የሆነና ከኮምፒውተሩ ዋና ሜሞሪ ተካፍሎ የሚሠራ ነው። ሌላው ራሱን የቻለና የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ ለባለሦስት አውታር ምስል፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለከባድ ስሌት የሚፈለግ ካርድ ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ ሁለተኛው በዚያን ጊዜ ምን ይሠራል? «ሥራ ካልሰጠሁት ባትሪዬን አይነካም» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

አንድ ቺፕ ኤሌክትሪክ የሚፈጀው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተሮቹ ሲበሩና ሲጠፉ የሚባክነው ኃይል ሲሆን፣ ከፍሪኩዌንሲውና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሥራ ሲጠፋ ሁለቱን ዝቅ በማድረግ ይህን ወጪ በእጅጉ መቀነስ ይቻላል። ሁለተኛው ሾልኮ የሚያልፍ ከረንት ነው፤ ይህ ግን ቮልቴጅ እስካለ ድረስ አያቋርጥም፤ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ይንጠባጠባል። የካርዱ ሜሞሪም የያዘውን እንዳይረሳ ዘወትር መታደስ አለበት።

ለምሳሌ ባትሪው 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ላፕቶፕ በቀላል ሥራ 10 ዋት ቢፈጅ 5 ሰዓት ይቆያል። ሥራ የፈታው ካርድ 5 ዋት ቢጨምርበት ግን 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። መብራት በጠፋበት ቀን የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያገባድድ ተማሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ደካማውን ካርድ መምረጥ ሳይሆን ከብርቱው ላይ ኤሌክትሪኩን ፈጽሞ መቁረጥ ነው።

ችግሩ ስክሪኑ ያለው አንድ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሶኒ ቫዮ ኤስዜድ ላፕቶፕ በአካሉ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ መቀያየሪያ ነበረው፤ ካርድ ለመለወጥ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት የግድ ነበር። በ2008 መጨረሻ የወጣው የአፕል ማክቡክ ፕሮ ደግሞ ተጠቃሚው ከሥራው ወጥቶ እንደገና እንዲገባ ያስገድድ ነበር። በእንዲህ ያለ ውጣ ውረድ ማን ይቀያይራል?

ኤንቪዲያ በየካቲት 2010 «ኦፕቲመስ» በሚል ስም ይፋ ያደረገው ዘዴ መቀያየሪያውን ጭራሹን አስቀረው። ስክሪኑ ዘወትር ከደካማው ክፍል ጋር እንደተያያዘ ይኖራል፤ ብርቱው ካርድ ሲፈለግ ተቀስቅሶ ምስሉን ይሠራና በዋናው ሜሞሪ ላይ ያኖርለታል። ሸክሙ ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት ስክሪን፣ ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ይዞ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስ የሚጠይቀው በሰከንድ 500 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። በዘመኑ የነበረው ባለ 16 መስመር ሁለተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በአንድ አቅጣጫ 8 ቢሊዮን ይሸከም ነበር። ቅጂው ጥቂት መዘግየት ማስከተሉ ግን አልቀረም። ከዚህ የተነሳ ኩባንያው በ2020 ለጨዋታ ወዳዶች መቀያየሪያውን መልሶ አመጣው፤ ይህኛው ማስነሣት አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሶፍትዌሩ ካርዱን ማጥፋት ሲያውቅበት ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ይህን በሚገባ ቀምሰውታል፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኦፕቲመስ ድጋፍ ስላልነበራቸው፣ ካርዱ ማንም ሳይጠቀምበት እንደበራ ላፕቶፑን እያሞቀ ይውል ነበር። በ2011 «በምብልቢ» የተባለ የፈቃደኞች ሥራ ክፍተቱን ለመሙላት ብቅ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስም በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቆ በኩባንያው ላይ የተናገረው ቃል እዚህ የሚጻፍ ዓይነት አይደለም።

ዛሬ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ካርድ ለመምረጥ ያስችላል፤ በታስክ ማናጀርም የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ካርድ ላይ እንዳለ ማየት ይቻላል። ይህንም አድርጎ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ሁለት ነገር ይመርምር። የካርዱን ሙቀት በየሰከንዱ የሚጠይቅ መለኪያ ፕሮግራም ካርዱን እንዳይተኛ ሊያደርገው ይችላል። በብዙ ላፕቶፖች ደግሞ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ከብርቱው ካርድ ጋር ነው፤ መምህሩ ፕሮጀክተሩን ሲሰካ፣ የሚያሳየው ተራ ጽሑፍ ብቻ ቢሆንም፣ ካርዱ እስኪነቀል ድረስ ነቅቶ ይቆያል።