ለልጅ የሚገዛ ፈረስ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬ ላይ ለደረሰ ሰው ጎልተው የሚታዩት ግመልና አህያ ናቸው። ፈረስ የደጋ እንስሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆላ ላይ ሆኖ ለልጁ ፈረስ የሚያስብ አባት ዓይኑን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊዳንና ወደ ላስታ ደጋ ማንሳቱ አይቀርም።

ውጭ አገር ለልጅ የሚመረጠው ፖኒ የሚባለው ነው፤ ጫንቃው ላይ ሲለካ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ማለት ነው። በዚህ ልክ ከሄድን የአገራችን ፈረስ አብዛኛው ፖኒ ነው። ጉልበትም አያንሰው። ፈረስ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ቢሸከም አይጎዳም ይባላል፤ 200 ኪሎ የሚመዝን የደጋ ፈረስ ታዲያ 30 ኪሎ ልጅ ከነኮርቻው አይከብደውም። ቁመቱም ጉልበቱም ካላሳሰበ ገዢው ልቡን ጠባዩ ላይ ይጣል።

ውርንጭላ ገዝቶ ከልጁ ጋር አብሮ ይደግ የሚል አለ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያልተገራ ፈረስና ግልቢያ ያልለመደ ልጅ ሲገናኙ የሚወድቀው ልጁ ነው። ድንጉላም ለጉግስ ያምራል እንጂ ባዝራ ሲያይ የሚይዘው የለም። እኔ ብጠየቅ የተኮላሸ፣ ዕድሜው ከ8 ዓመት ያለፈ፣ ጭነትም ሰውም የለመደ ፈረስ እመርጣለሁ።

ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሶቹን ማየት ነው። የወተት ጥርስ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ከመሃል መለወጥ ይጀምርና ወደ ዳር እየሄደ በ5 ዓመት ያልቃል። ዳር ላይ ትንንሽ ነጫጭ ጥርስ ከቀረ ፈረሱ ገና ልጅ ነው። ካረጀ ደግሞ የላይና የታች ጥርሶቹ ከጎን ሲታዩ ወደ ፊት ይጋደማሉ።

ቀጥሎ ኮርቻው ይውረድ። ሻጩ ቢያንገራግር እንኳ ይውረድ፤ ገጣባ የሚደበቀው ከኮርቻ ሥር ነው። ነጭ ጸጉር የበቀለበት ቦታ የዳነ ቁስል ስለሆነ ብዙም አያስፈራ። በጣት ጫን ሲሉት ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከሸሸ ግን ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ጀርባው የሚያመው ፈረስ ደግሞ የዋህ ቢሆን እንኳ አንድ ቀን ልጁን ይጥለዋል። አራቱንም ሰኮና እያነሱ ማየት፣ እግሩ ላይ ተደርድረው የሚፈርጡ እባጮች እንደሌሉ መዳበስም ያስፈልጋል።

ከዚያ የሻጩ ልጅ ይውጣበት። በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከሌሎቹ ፈረሶች ለይቶ ይውሰደው። ባጃጅ በአጠገቡ ሲያልፍ ጆሮውን ቀስሮ ዝም ካለ ጥሩ ነው፤ ከደነበረ የአስፋልት ዳር ልጅ ፈረስ አይሆንም።

ለቆላ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ቫይረሱን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ነካሽ ነፍሳት ናት፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ትበዛለች፣ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፈረሱ ያተኩሰዋል፣ ከዓይኑ በላይ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም በቀናት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። አህያ ሲያዝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ያልፋል፣ በቅሎም ከፈረስ ይሻላል። ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚህ ፈረሱ በበጋ ይገዛ፤ ደጋ ሳለ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይከተብ፤ ክትባቱ እስኪይዝ ጥቂት ሳምንት እዚያው ይቆይና ይውረድ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት መግባት አለበት።

ዋጋው ሲቆረጥ ዋስ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተሰረቀ ከብት ገዝቶ የተከሰሰ ብዙ ነው። ልጓሙም አብሮ ይገዛ። አፉ የለመደውን ብረት ድንገት መለወጥ ፈረሱን ያበሳጨዋል፣ ያን ጊዜ ልጓሙን የሚይዘው ደግሞ ትንሽ እጅ ነው።