በቆዳ ላይ ስለሚጻፍ ጽሕፈት

በልጅነቴ አያቴ በሳቀች ቁጥር ከነጫጭ ጥርሶቿ በላይ ጠቁሮ የሚታየውን ድዷን እየተመለከትሁ፣ ይህ ጥቁረት ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የወጣችው ተፈጥሮ ነው ብዬ አምን ነበር። ኋላ ግን አንድ የክረምት ማታ እሳት ከብበን ሳለን እንዳጫወተችኝ፣ ገና የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሆና፣ አንደኛዋ አክስቷ ራሷን፣ ሁለተኛዋ እጆቿን ጨብጣ ይዛት፣ በመንደሩ የታወቀችው ነቃሽ በአንድነት የታሰሩ መርፌዎችን ከኩራዝ ጥላሸትና ከቅጠል ጭማቂ በተለወሰ ቀለም እየነከረች ድዷን ወግታታለች፤ ከዚያም ወዲያ ለብዙ ቀን ከአጥሚት በቀር የቀመሰችው ነገር አልነበረም። «እምዬ፣ አልቅሰሽ ነበር?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ማልቀሱንማ ማን ከልክሎኝ፤ እንቢ ማለት ነበር የማይቻለው» አለችኝ።

ይህን የአያቴን ቃል በምዕራፉ መግቢያ ያኖርሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው ወጣት ጥያቄ የእርስዋው ተገልብጦ ነውና። እርስዋን ያስነቀሳት ዘመድና ጎረቤት ሲሆን፣ እርሱን ዘመድና ጎረቤት ይከለክሉታል፤ እርስዋ ምልክቱን ስትቀበል ትርጓሜውንም አብራ ከመንደሩ ተቀብላለች፣ እርሱ ግን ምልክቱንም ትርጓሜውንም በገዛ ልቡናው ሊፈጥር ይገደዳል። የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ትከሻ የሚከብደው ይህኛው ሥራ ነው፤ የመርፌው ሕመምማ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

ወጣቶቹ «ታቱ» የሚሉት ቃል መነሻው የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1769 እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ ታሂቲ ከደረሰ በኋላ በጉዞው ተጓዦች አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሥራው ግን ከቃሉ እጅግ ይቀድማል፤ በ1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ወሰን ላይ፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ደርቆ የተገኘውና «ኦትዚ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሲሆን፣ በቆዳው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቆጥረውበታል። ዛሬ በየከተማው ጥዝዝ የሚለው የኤሌክትሪክ መሣሪያም ቢሆን በ1891 በኒው ዮርክ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ነቃሽ የኤዲሰንን የኤሌክትሪክ ብዕር ተመልክቶ ካስመዘገበው ፈጠራ የወረደ ነው። በእኛም አገር በጎንደር፣ በወሎና በትግራይ በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው እንደ ድሪ ዙሪያውን የተደረደረ ንቅሳት ያላቸውን እናቶች ያላየ ሰው የለም። ለጌጥ ነው የሚሉ አሉ፣ ለሃይማኖት ምስክር ነው የሚሉ አሉ፣ እንቅርት ይከለክላል የሚሉም ነበሩ፤ ይህ የመጨረሻው ግን ከንቱ ተስፋ ነው፣ እንቅርትን በብዛት የሚያመጣው የአዮዲን እጥረት ነውና በመርፌና በጥላሸት አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለወጣቱ የሚጠቅመው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ይኸውም ምልክቱ ባለበት ሲቀመጥ ትርጓሜው ከቦታ ቦታ፣ ከዘመን ዘመን የሚሰደድ መሆኑ ነው። ከጎንደር አካባቢ በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከተጓዙት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ አገር ልማድ ሲኖሩ አንገታቸውን፣ አንዳንዶቹም ግንባራቸውን የተነቀሱ ነበሩባቸው። በተወለዱበት መንደር ማንም ልብ የማይለው ያ ጌጥ፣ ኦሪት ንቅሳትን በምትከለክልበት አዲስ አገር፣ በተለይም መስቀል ሲሆን፣ የሚጠየቁበትና በሻሽ የሚሸፍኑት ነገር ሆነባቸው። ሩቅ መሄድም አያሻም፤ ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የመጡ ስንት ልጃገረዶች የአንገታቸውን ንቅሳት በነጠላ ሲከልሉ ኖረዋል፤ የእነዚሁ ሴቶች የልጅ ልጆች ደግሞ ዛሬ የአያቶቻቸውን ንቅሳት ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ነቃሽ ቤት ይሄዳሉ። እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ዛሬ ጓደኞችህ የሚያደንቁትን ሥዕል በ40 ዓመትህ የት አገር፣ በማን ፊት እንደምትገልጠው ታውቃለህን?

አሁን ወደ ሥጋው ነገር እንግባ። ላይኛው ቆዳችን በየጥቂት ሳምንታቱ እየረገፈ ራሱን የሚያድስ ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ እንደ እንሶስላ ጊዜውን ጠብቆ ይለቃል። የንቅሳት መርፌ ግን ያንን አልፎ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ፣ የማይረግፈው ውስጠኛው ቆዳ ዘንድ ቀለሙን ያኖራል። ሰውነትም ባዕድ ነገር እንደ ገባበት ዐውቆ ማክሮፌጅ የሚባሉትን በላተኛ ሴሎች ይልካል፤ እነርሱም ቀለሙን ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም። በፈረንሳይ አገር በአይጦች ላይ ተመርምሮ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀለሙን የዋጠው ሴል ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አዲስ የመጣው ሴል መልሶ ይውጠዋል፤ ተረኛ ዘበኛ ከተረኛ ዘበኛ እስረኛ እንደሚረከብ ማለት ነው። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው በዚህ ርክክብ ሲሆን፣ ከቀለሙ ጥቂቱ ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ሊምፍ ወደሚባሉት እጢዎች ተጉዞ በዚያ ይከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ በሚገቡ በሺሕ በሚቆጠሩ ኬሚካሎች ላይ ገደብ መጣሉ ነገሩ እንደ ቀላል የማይታይ ለመሆኑ ምስክር ነው።

«ካልወደድሁት በጨረር አስጠፋዋለሁ» የሚለው የወጣቶች መጽናኛ ግማሽ እውነት ነው። ሌዘር የሚባለው ጨረር እጅግ አጭር በሆነ ብልጭታ ቀለሙን ያደቅቀዋል፣ የደቀቀውንም ሰውነት በየጊዜው እየጠረገ ያስወግደዋል፤ ነገር ግን ይህ በአንድ ቀን አይፈጸምም፤ በየመካከሉ ሳምንታት እየተጠበቀ ብዙ ጊዜ መመላለስ ያሻል፣ ወጪውም ከማስነቀሻው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥቁር ቀለም ይሻላል፤ አረንጓዴውና ቢጫው ግትር ነው። ከሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተው ደግሞ፣ ጨረሩ የንቅሳቱን ቀለም ከቆዳችን ተፈጥሯዊ ቀለም አጥርቶ ስለማይለይ፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ወይም የበለጠ የጠቆረ ጠባሳ ትቶ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው።

ጠባሳን ካነሣን ዘንዳ፣ ስለ ኬሎይድ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ኬሎይድ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚያድግ፣ የሚያሳክክና የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ሲሆን፣ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይልቅ ይበረታል፤ የሚበዛውም ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ይኸውም ሰው ለንቅሳት በሚቸኩልበት ወራት ነው። ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ፣ ማለትም ወጣቱ ለሥዕሉ የሚመርጣቸው ቦታዎች፣ ለዚህ ጠባሳ የተመቹ ናቸው። ይህን ለመመርመር መጀመሪያ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በክንድህ ላይ ያለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ፣ የተበሳ ጆሮ ካለህ ጆሮህን፣ በልጅነትህ ወድቀህ የተላጥህበትን ጉልበት ተመልከት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ እንደ ባቄላ ካበጠ፣ ወይም ወንድምህና እናትህ እንዲህ ያለ ጠባሳ ካላቸው፣ ለአንተ ጥያቄው እዚህ ላይ አብቅቷል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ቆዳህ ይህ ሁሉ የሌለበት ቢሆን እንኳ፣ በመጽሔት ላይ በነጭ ቆዳ ያየኸው ፈዛዛ ሐምራዊና ቢጫ በጠይም ቆዳ ሥር እንደማይደምቅ ዕወቅ፤ ቀለሙ የሚታየው በራስህ መልክ ውስጥ አልፎ ነውና።

ስለ ንጽሕና በአጭሩ እንናገር። የአያቴን ድድ የወጋው መርፌ ከእርስዋ በፊት የስንቱን ድድ እንደ ወጋ ማንም አልጠየቀም። ዛሬ ግን ሄፐታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቆልፍ በእንዲህ ያለ መርፌ ሊተላለፉ እንደሚችሉ የታወቀ ስለሆነ፣ ከጓደኛ መኝታ ቤት በርካሽ መሣሪያ መነቀስ አያቶቻችን ሊመካኙበት በሚችሉት አለማወቅ የማይመካኝ ጥፋት ነው። መርፌው በዓይንህ ፊት ከታሸገበት ይከፈት፣ ለሌላ ሰው የማይደገም ይሁን፤ ጓንቱ አዲስ፣ ቀለሙም በትንሽ ስኒ ለአንተ ብቻ ተቀድቶ የተረፈው የሚደፋ ይሁን። ቀለሙን በቧንቧ ውኃ ሲያቀጥን ያየኸውን ነቃሽ ግን ምስጋና አቅርበህለት ውጣ።

ስለ ዕድሜ የየአገሩ ሕጎች በአንድ ቃል አይናገሩም። በእንግሊዝ አገር ከ1969 ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መንቀስ፣ ወላጁ ቢፈቅድ እንኳ፣ ወንጀል ነው፤ በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በእኛ አገር የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ይባላል፤ ይህ ሰው ቤት ሊሸጥ፣ ትልቅ ውል ሊዋዋል የማይችል ሆኖ ሳለ፣ ከገዛ ቆዳው ጋር የዕድሜ ልክ ውል ሊፈራረም ይገባዋል የሚል ክርክር እኔን አያሳምነኝም። ከ18 ዓመት በታች አይደረግ ባይ ነኝ፤ ይህንም የምለው የወጣቱን ልብ ስለምንቅ አይደለም፤ ይልቁንም በዚያ ዕድሜ ፍቅርም፣ ኀዘንም፣ ቁጣም እጅግ እውነተኛ ስለሆኑና የእውነተኛነታቸው ብርታት የዘለዓለም ስለሚያስመስላቸው ነው። የወዳጅን ስም ያስነቀሰ ሁሉ ስሙን ሲያስጽፍ አልዋሸም ነበር።

ስም ካነሣሁ ስለ ፊደልም ልጨምር፤ በውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ፊደል በክንዳቸው ለመሸከም መመኘታቸው ደስ የሚያሰኝ ነውና። ነገር ግን በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣ፣ በራ» ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ «ሰረቀ»፣ ሌባ የሚያደርገውን አደረገ ማለት ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ሲሆን «መሀረ» አስተማረ ነው። «ብርሃን ሠረቀ» ብሎ ሊያስጽፍ ሄዶ ፊደሉን በማያውቅ ነቃሽ እጅ ብርሃንን ሌባ አድርጎት የሚመለስ ልጅ ከመሪጌታ አንድ ቀን መጠየቅ ባዳነው ነበር።

የሃይማኖቱን ነገር የሚጠይቀኝ አንባቢ አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ላይ ስለ ሙታን ሥጋን መቁረጥና በገላ ላይ ምልክት ማድረግ የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህንኑ ኦሪት በምታነብ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ደግሞ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶች ሲቈርቡ ኖረዋል፤ የግብፅ ቅብጦችም በእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል መነቀስ የቆየ ልማዳቸው ነው። በእስልምናም ብዙ ዑለማዎች ይከለክሉታል። እኔ ለመፍረድ መዓርግ የለኝም፤ ወጣቱ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ይጠይቅ፤ ጥያቄው ግን ከመነቀሱ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። ክርስቲያን ለሆነው ወጣት ማተቡ በአንገቱ እንዳለችም አልሰውርበትም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ምኞቱ ካልበረደለት፣ ሥዕሉን በወረቀት አስነድፎ ከመኝታው አጠገብ ለአንድ ዓመት ይስቀለው፤ ወይም በሂና በክንዱ ላይ አስሎ ትምህርት ቤትም ለቅሶ ቤትም ይዞት ይሂድ፣ በእያንዳንዱ ቦታ የተሰማውንም ልብ ይበል። በዚህ ላይ «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ይጠንቀቅ፤ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የሚቀላቀልበት ስለሆነ ቆዳን እንደ ፈላ ውኃ የሚልጥበት ጊዜ አለና። ዓመቱ አልፎ ዕድሜው ደርሶ ያንኑ ሥዕል ያንኑ ያህል ከወደደው፣ እኔ የምከራከረው ነገር የለኝም፤ ፊትን፣ አንገትንና የእጅ ጣትን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ባይመርጥ እመክራለሁ፤ የሚታይ ንቅሳት ያለበትን ሰው የማይቀጥሩ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም አሉና።

ወላጆችን ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ልጁ ሳያማክራችሁ ተነቅሶ ቢመጣ፣ ቁጣችሁ ተገቢ ቢሆን እንኳ ጥቂት ቀን ይቆይ። ንቅሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍት ቁስል ነው፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቅላቱ እየሰፋ፣ ትኩሳቱ እየጨመረ፣ መግል መቋጠር ከጀመረ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ልጁ ግን አባቱን ፈርቶ ረጅም እጅጌ ለብሶ ቁስሉን ይደብቃል። እባካችሁ፣ በዚያ ሰሞን እጅጌውን ያለ ፍርሃት የሚሰበስብበት ቤት ይኑረው።