መተርጎምስ ተተረጎመ፤ ማን ይጠብቀው?

ዴቢያን በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የአጫጫን መመሪያውን በጎ ፈቃደኞች ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተርጉመውታል። ታዲያ ሥራው አለቀ ማለት ነው? ኧረ ገና ነው! ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር የእንግሊዝኛው ዋና ጽሑፍም ይለወጣል። ዲስክ ስለ መከፋፈል የሚናገረው አንቀጽ ትርጉሙ ሳይታደስ ከቀረ፣ አንባቢው ያረጀውን ትእዛዝ ተከትሎ በዲስኩ ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል።

መፍትሔውስ? በበርካታ ቋንቋዎች ትርጉሙ ከዋናው ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ተጣምሮ ይቀመጣል። ዋናው ሲነካ ትርጉሙ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ያገኛል፤ ተርጓሚው አይቶ እስኪያርመው ድረስም በቦታው እንግሊዝኛው ይታያል። ትርጉም ከማጣት ይልቅ ያረጀ ትርጉም ይጎዳልና።

እኛም የአምናውን ማስታወሻ ከአዲሱ መጽሐፍ ጋር ሳናስተያይ ክፍል አንግባ።