የሀብት ትምህርትና የሰቆጣ ገበያ

የፖለቲካ ኤኮኖሚን በሁለተኛ ዲግሪ ሊማር የሚነሣ ወጣት በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ሒሳብ ታውቃለህን?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ገበያ ቆመህ አይተሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅም መልካም በሆነ ነበር።

ይህ ዕውቀት ሀብት እንዴት እንደሚገኝ፣ ከተገኘም በኋላ ለማን እንደሚደርስ፣ ሕግና ሥልጣንም በዚህ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ይመረምራል። ስለዚህ ነገር በአማርኛ ቀድመው በሰፊው የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል።

ሰቆጣ በጥንት ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። በአፋር በረሃ የሚቈረጠው አሞሌ ወደ ዋግ ይወጣ ነበርና፣ እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር።

ከባዱ ትምህርት ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኀብ የመጣው ነው። ዋግ በዚያን ጊዜ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በአገሪቱ በጠቅላላው የተገኘው እህል ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ስፍራ ይጫን ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ስለ ምን አለቀ? ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውንም የሚገዛበትንም በአንድነት አጥቶ ነበርና ነው። ፍየሉን ወደ ገበያ ቢነዳ ጎረቤቱም እንደ እርሱ ነድቶ ያገኘዋል። ሻጭ ሲበዛ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፤ ትናንት ብዙ ማሽላ ያመጣ የነበረው ፍየል ዛሬ ጥቂት ቁና ብቻ ያመጣል።

እዚህ ላይ ግን፣ በእኛ ግምት፣ ተማሪው ሊቁንም ሊጠይቅ ይገባዋል። ደሴ በመኪና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዋግ ከዚያ መንገድ በተራራና በገደል የተለየ አገር ነበርና፣ የደሴ ዋጋ ለሰቆጣ ዋጋ ምስክር ሊሆን አይችልም። መንገድ በሌለበት ገንዘብ የያዘም ሰው እህል ያጣል። ሌሎች ተመራማሪዎችም በዚሁ ነጥብ ተከራክረዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመጀመሪያው የሚለየው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው የተጻፈውን ያስጠናል፤ ሁለተኛው የተጻፈው በየትኛው ገበያ እንደ ተመዘነ ያስጠይቃል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ የዋግ ልጅ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በገበያ ቀን ወርዶ የፍየሉንና የማሽላውን ዋጋ ጎን ለጎን በመዝገብ ይጻፍ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመልሶ ይጻፍ።