የበረራ ማኅበርተኞች በቬኒስ ከተማ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። በመቀናጆ አይሮፕላን የሚገዙ ሰዎች አሉ ብንላችሁስ ታምናላችሁ? አሉ እኮ! በአውሮፓ አገሮች መምህሩ፣ መካኒኩ፣ ሐኪሙና ባለሱቁ ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ይገዛሉ። ይህ የበረራ ማኅበር ይባላል። አባላቱ ተራ ጠብቀው ያበርሯታል። እያንዳንዱ በበረረበት ሰዓት ልክ ይከፍላል። የተለመደውን የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ግን ቢያንስ 45 ሰዓት በረራ መማርና ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

ማኅበር ያለ ድግስ አይሆንም። እነርሱም አልፎ አልፎ ተሰባስበው ወደ ሩቅ ከተማ ይበርራሉ፤ ቅዳሜና እሁድን አብረው ያሳልፋሉ። ከሚወዷቸው ከተሞች አንዷ በኢጣሊያ ያለችው ቬኒስ ናት። ቬኒስ የምትገኘው በአድርያቲክ ባሕር ዳር ነው። አድርያቲክ የታላቁ የሜዲትራኒያን ባሕር አንድ ክንድ ነው።

እስቲ ሙኒክ ከሚባለው የጀርመን ከተማ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ከሚነሱት ጋር እንሂድ። አይሮፕላኗ ሴስና 172 ትባላለች። የመጀመሪያዋ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርተዋል። መቀመጫዋ 4 ነው። ግን ሰው፣ ነዳጅና ጓዝ ተደምሮ የምትችለው 4 ኩንታል ያህል ብቻ ነው። 4 ጎልማሶች ከተቀመጡ ነዳጅ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት ሰውም ሻንጣም ይመዘናል፤ በወረቀት ይደመራል። ከአቅሟ በላይ የተጫነች አህያ መንገድ ላይ ትተኛለች። አይሮፕላን ግን አየር ላይ የምትተኛበት ቦታ የላትም።

መንገዱ ቀጥታ ቢለካ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በመካከል የአልፕስ ተራሮች አሉ። ትንሿ አይሮፕላን ሸለቆ ለሸለቆ ስለምትሄድ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ብሬነር የሚባለው በር ከፍታው 1,370 ሜትር ያህል ነው። ለእኛ ይህ ቆላ ነው! ግራና ቀኙ ያሉት ተራሮች ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ።

ተራራው አልቆ ሜዳው ሲከፈት ባሕሩ ይታያል። ቬኒስ ያለችው ጥልቀት በሌለው የባሕር ውሃ መካከል ነው። ይህ ውሃ ላጉን ይባላል። ላጉኑን ከዋናው ባሕር የሚለዩት ረዣዥምና ቀጫጭን ደሴቶች ናቸው። ሊዶ አንዱ ነው። በሊዶ ጫፍ ላይ 1,000 ሜትር የሚጠጋ የሣር ሜዳ አለ። እነሴስና የሚያርፉት እዚያ ነው። በምሰሶ ላይ የጨርቅ ከረጢት ተሰቅሏል። ገበሬ አውድማ ላይ ጭድ በትኖ ነፋሱን እንደሚያይ፣ አብራሪውም ያንን ጨርቅ አይቶ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ያርፋል። እንዲህ ሲያደርግ አይሮፕላኗ ፍጥነቷ ቀንሶ ባጭር ቦታ ትቆማለች።

ከዚያ በጀልባ ወደ ከተማው ነው። ቬኒስ መካከል መኪና የለም። 118 ያህል ትናንሽ ደሴቶች ከ400 በሚበልጡ ድልድዮች ተያይዘዋል። በሽተኛው በጀልባ ይሄዳል። እሳት አጥፊውም፣ አስከሬኑም በጀልባ ነው። ቤቶቹ የቆሙት በጭቃው ውስጥ በተቸከሉ የእንጨት ግንዶች ላይ ነው። ጭቃው አየር ስለማያስገባ እንጨቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል።

ለካ የእኛም ሰዎች ይህችን ከተማ ያውቋታል! የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 ነብሮች በስጦታ ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 ገደማ የዓለምን ካርታ ሲሥል አባይን ጨምሮበታል። ካርታው ዛሬም እዚያው ቬኒስ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ውሃው ግን ጠላትም ነው። በ1966 የባሕሩ ውሃ ከልኩ 194 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቤቶችን አጥለቀለቀ። በ2019ም 187 ደረሰ። ስለዚህ ባሕሩ ወደ ላጉኑ በሚገባባቸው 3 በሮች 78 የብረት መዝጊያዎች ተሠሩ። አንዱ በር ከሣሩ ሜዳ አጠገብ ነው። መዝጊያዎቹ ውሃ ተሞልተው ከሥር ይተኛሉ። ማዕበል ሲመጣ በውስጣቸው አየር ይነፋል፤ ውሃው ይወጣና ይነሳሉ። የሚያድግ ባሕር በመጀመሪያ የተገታባቸው በጥቅምት ወር 2020 ነው።

ከውሃው ሌላ የእንግዳ ብዛት አለ። በ1951 በአሮጌዋ ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። ቤቱ ለእንግዳ ማደሪያ ስለሚከራይ ለነዋሪው ተወዷል። ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት፣ ሳያድር የሚመለስ ጎብኚ ገንዘብ ይከፍላል። ለእኛ እንደሚመስለን፣ አድረው በሰፈር ቤት የሚበሉት ማኅበርተኞች ላይ ያን ያህል አይፈረድም።

ማታ አንድ ረጅም ገበታ ከበው ዓሣ ይበላሉ፤ ወይን ይጠጣሉ። ጨዋታው ይደራል። ነገ የሚያበርረው ሰው ግን ብርጭቆውን ቶሎ ያስቀምጣል። ከመጠጥ እስከ በረራ ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ አለበትና።

ዋናው ጭንቅ እሁድ ይመጣል። ሰኞ ሥራ አለ፤ ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። አልፕስ ግን ደመና ለብሷል እንበል። ደመና ውስጥ መብረር ያልተማረ አብራሪ እዚያ ከገባ ላይና ታቹ ይጠፋበታል። በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ያታልለዋል፤ አይሮፕላኗ ስትዞር ቀጥ ብላ የምትሄድ ይመስለዋል። «ትንሽ ነው፣ እናልፈዋለን» ብለው ተራራ ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለው ቀን ጓደኞቹ ቢያጉረመርሙም አብራሪው «አልነሳም» ይላል። የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው።

አይሮፕላኗ ሣሩ ላይ በገመድ ትታሰራለች። ማኅበርተኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው በጀልባ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ባቡሩም በዚያው በብሬነር በር፣ በደመናው ሥር ያልፋል። ሰማዩ ሲጠራ ሁለት አባላት ተመልሰው ይወስዷታል።