በቀጭን የኢንተርኔት መስመር ብዙ ተማሪ እንዲያወራ፦ በአስቴሪስክ ስልክ ላይ ኮዴክ መጫን

በዚህ እትም ስለ ስልክ እናወራለን። በኪሳችሁ ስላለው ሞባይል ሳይሆን፣ በማዕከላችን የኮምፒውተር ክፍል ጥግ ላይ ስለተቀመጠው፣ በኢንተርኔት ስለሚሠራው ስልክ ነው። ተማሪዎቻችን ከካምፑ ውጭ ካሉ አስተማሪዎች ጋር የሚገናኙት በእሱ ነው። ሦስት ሰው ሲያወራ ደህና ነው። አራተኛው ሲገባ ግን የሁሉም ድምፅ ይቆራረጣል። «ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም!» እየተባባሉ የትምህርቱ ሰዓት ያልቃል። «ማሽኑ አርጅቶ ነው» ስንል ከርመን ነበር፤ ችግሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

አስቴሪስክና ኮዴክ

አስቴሪስክ ተራ ኮምፒውተርን የስልክ ማዞሪያ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ሲሆን፣ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ድምፃችን በኢንተርኔት ከመጓዙ በፊት ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠራው ኮዴክ ይባላል። በአንዱ ጫፍ ድምፁን ይጠቀልላል፣ በሌላው ጫፍ ይፈታዋል። ጂ.711 የተባለው ኮዴክ ድምፁን እምብዛም ሳይጨምቅ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት አድርጎ ይልካል። ጂ.729 ደግሞ ጨምቆ ጨምቆ 8 ኪሎ ቢት ያደርሰዋል።

ታዲያ ስምንት እጥፍ ሰው ማስተናገድ ይቻላል ማለት ነው? አይደለም። ድምፁ የሚሄደው በሴኮንድ 50 ትንንሽ ጥቅል ሆኖ ነው እንበል፤ የተለመደውም ይህ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ብቻውን 40 ባይት ነው፤ ውስጡ ያለው የጂ.729 ደብዳቤ ግን 20 ባይት ብቻ! ስለዚህ ትክክለኛው ሂሳብ በየአቅጣጫው ለጂ.711 80 ኪሎ ቢት፣ ለጂ.729 ደግሞ 24 ኪሎ ቢት ነው። መስመሩ በመላክም በመቀበልም 256 ኪሎ ቢት ከሆነና ሌላ ሰው ካልተጠቀመበት፣ በጂ.711 3 ሰው፣ በጂ.729 10 ሰው ያወራል። አራተኛው ሰው ሲገባ ስልኩ የሚበላሸው ለዚህ ነበር።

ድሮ ለምን አልተጫነም?

ጂ.729 የፈጠራ መብት ስለነበረበት፣ በአስቴሪስክ ላይ ለመጫን በአንድ ጊዜ ለሚካሄድ ለእያንዳንዱ ጥሪ ፈቃድ መግዛት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ግን አብዛኛው መብት ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ ቢሲጂ729 የተባለውን ነፃ የኮዴክ ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ይቻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱም ስልኮች ጂ.729 የሚያውቁ ከሆነ አስቴሪስክ ድምፁን ሳይከፍት ዝም ብሎ ያሳልፋል። ብዙ ተማሪ በአንድ ጥሪ ሲሰበሰብ ግን ድምፆቹን ፈትቶ ማደባለቅ አለበት። የድምፅ መልእክት ሲቀዳም እንዲሁ። የክፍል ትምህርት በስልክ ለመስጠት ኮዴኩ ማዞሪያው ላይ የግድ መኖር አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

አጫጫኑ ደረጃ በደረጃ

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍነው በድምፃቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ።

1. ትምህርት በሌለበት ሰዓት ሥሩ። ከሁሉ በፊት የሴቲንግ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

2. «ኮር ሾው ቨርዥን» ብላችሁ የአስቴሪስኩን ቨርዥን እዩ። የፕሮሰሰሩንም ዓይነት እወቁ። እኛ መጀመሪያ ለሌላ ቨርዥን የተሠራ ፋይል ገልብጠን አልቀበልም ብሎን ግማሽ ቀን አባክነናል።

3. መጀመሪያ ቢሲጂ729ን ጫኑ። ቀጥሎ ለአስቴሪስካችሁ ቨርዥን የሚስማማውን የኮዴክ ሞጁል አዘጋጅታችሁ የአስቴሪስክ ሞጁሎች ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስገቡ።

4. «ሞጁል ሎድ» ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ። ከዚያ «ኮር ሾው ትራንስሌሽን» በሉ። በሚወጣው ሰንጠረዥ በጂ.729 ረድፍ ላይ ቁጥር ካለ ተሳክቷል፤ ሰረዝ ብቻ ከሆነ አልተጫነም።

5. ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ሴቲንግ ላይ መጀመሪያ «ዲስአላው» በሚለው ሁሉንም ዝጉ፣ ከዚያ «አላው» በሚለው ጂ.729ን ብቻ ክፈቱ። ክፍል ውስጥ ያሉት ስልኮች በጂ.711 ቢቆዩ ችግር የለውም፤ የኢንተርኔቱን መስመር አይነኩም። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወገንም ጂ.729ን መክፈቱን አረጋግጡ፤ ካልተስማሙ ጥሪው አይገናኝም።

6. ደውላችሁ ሞክሩ። ጥሪው ሳይዘጋ «ፒጄሲፕ ሾው ቻነልስታትስ» ብትሉ የትኛው ኮዴክ እየሠራ እንደሆነ ታያላችሁ። ሳታዩ «ሠርቷል» አትበሉ!

ኮዴክ የማይፈታው

ጂ.729 ለሰው ንግግር የተሠራ ነው፤ መዝሙርና ሙዚቃ ያበላሻል። ድምፁም ጠባብ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ትምህርት «ኤስ» እና «ኤፍ» ይምታታሉ። አስተማሪዋ ቃሉን ፊደል በፊደል ብታነበው ይሻላል። ማሽናችሁ ደህና ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦፐስ የተባለው ነፃ ኮዴክ ለቋንቋ ትምህርት ይመረጣል፤ በትንሽ ቢት የጠራ ድምፅ ይሰጣል።

ኢንተርኔታችሁ ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተቀመጠ ሳተላይት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ጠይቃችሁ መልሱ እስኪሰማ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ይህን ማንም ኮዴክ አያሳጥረውም። ተናግራችሁ ትንሽ ጠብቁ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይግባ።

ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻ አውቆት እንዳይቀር። የሠራችሁትን በደብተር ጻፉና ለሚቀጥለው ተረኛ አስተምሩ። ያ ሰው ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ስልኩ አብሮ አይሂድ።

መልካም ትምህርት!