ጥርሱ ተነቃነቀ፤ ጥፋቱ ግን የጥርሱ ላይሆን ይችላል

መንጋጋ ጥርስ ሲነቃነቅ አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «የጥርስ ትል ነው» ብሎ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ያዝዛል፤ ሌላው «ምች መትቶህ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «አስነቅለህ ተገላገል» ብሎ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው የቆየ የድድ በሽታ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ የሚከተለውን ያነበበ ሁሉ ጥርሱን እየነካካ እንዳይደነግጥ ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥርሱ ደኅና ሆኖ የተሸከመው አጥንት ከውስጥ ያልቃል። ይህን ከሚያደርጉት በሽታዎች አንዱ ላንገርሃንስ ሴል ሂስቲዮሳይቶሲስ ይባላል። አዋቂዎችን በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። እንዲህ ብርቅ በመሆኑ የተሳሳተው ወሬ ከሰፈር ብቻ አይመጣም፤ አንዳንዴ ከሕክምና ክፍልም ይመጣል።

«ትሉ ነው ያወዛወዘው»

ጥርስ የሚበላ ትል የለም። ጥርስን የሚቦረቡረው በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ነው። በዚህ በሽታ ጥርሱ ራሱ ጭራሽ ላይበላሽ ይችላል። ከመከላከያ ሕዋሳት ወገን የሆኑ ሕዋሳት ያላግባብ ተባዝተው አጥንት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ አካባቢው ይቆጣል፤ አጥንቱም ይሟሟል። ፊት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቃው የታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ነው። ራጅ ሲነሣ ጥርሶቹ ምንም ሳይዛቸው አየር ላይ የተንጠለጠሉ መስለው ይታያሉ።

«ከተነቀለ ያልቅለታል»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም አነጋገሩ ልክ ይመስላል። ጥርሱ ይነቀላል፣ ሕመሙ ጋብ ይላል፣ ከዚያ ጎረቤቱ ይነቃነቃል፤ እሱም ይነቀላል። በሽተኛው «ጥርሴ ደካማ ነው፣ ከቤተሰብ የወረስኩት ነው» እያለ ራሱን ያጽናናል። ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ በተለመደው አካሄድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በድድ ይሸፈናል። ሳይሸፈን ከቆየ፣ ሥጋ መሰል ነገር ከበቀለበት፣ ወይም ሌላው አፍ ደኅና ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ አጥንት ከጎደለ፣ ሌላ ጥርስ ከመንቀል በፊት አጥንቱ ውስጥ ያለው ነገር ይጣራ።

በራጅ ብቻ ደግሞ አይጣራም። የአጥንት ኢንፌክሽን፣ ቲቢ፣ አሜሎብላስቶማ የሚባለው የመንጋጋ ዕጢ፣ ከሌላ አካል የተሠራጨ ካንሰር፣ ሁሉም ፊልም ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሚለያቸው ናሙና ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሲያይ አስኳላቸው እንደ ቡና ፍሬ መሐሉ ላይ ስንጥቅ ያለው ሕዋሳትን ያገኛል፤ ከዚያም ሲዲ1ኤ እና ላንገሪን የተባሉትን ፕሮቲኖች በሚለይ ምርመራ ያረጋግጣል። ከጉድጓዱ የተፋቀው ሥጋ ከጥጡ ጋር ከተጣለ ግን የሚመረመር ነገር አይኖርም። «ዶክተር፣ ይኼ ለፓቶሎጂ ይላክልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

«ብረት ከነካው ይሠራጫል»

ብዙ ሰው ናሙና መስጠትን የሚሸሸው በዚህ ፍርሃት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ተገልብጦ ይገኛል፤ አንድ አጥንት ላይ ብቻ የወጣ ቁስል አንዳንዴ ናሙና ከተወሰደበት በኋላ ራሱ እየዳነ ይሄዳል። ሐኪሞች ሆን ብለው የሚፍቁትም ለሕክምና ነው።

«ነቀርሳ ነው»፣ «አይ፣ ነቀርሳ አይደለም»

በዚህ ጉዳይ ሰፈርተኛው ቢሟገት አይፈረድበትም፤ ሳይንቲስቶቹም ለአሥርት ዓመታት አልተስማሙበትም። እ.ኤ.አ. በ1868 ፖል ላንገርሃንስ የተባለ የ21 ዓመት ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በርሊን ውስጥ የሰው ቆዳን በወርቅ ክሎራይድ አቅልሞ ቅርንጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አየ፤ የነርቭ ሕዋሳትም መሰሉት። በ1953 አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሉዊስ ሊክተንስታይን እስከዚያ ድረስ ለየብቻ ይታዩ የነበሩ ሦስት በሽታዎችን አንድ ናቸው ብሎ ሂስቲዮሳይቶሲስ ኤክስ አላቸው። ምክንያቱ ስላልታወቀ ነበር ኤክስ የተባለው። ኋላ የበሽታው ሕዋሳት የቆዳዎቹን ሲመስሉ ስለተገኙ ላንገርሃንስ የሚለው ስም ተተካ፤ ዛሬ ግን መነሻቸው ቆዳ ሳይሆን መቅኔ እንደሆነ ይታወቃል።

ክርክሩን ያጋደሉት ሁለት ግኝቶች ናቸው። በ1994 የበሽታው ሕዋሳት ከአንድ እናት ሕዋስ የተራቡ መሆናቸው ታየ። በ2010 ደግሞ ከተመረመሩት ናሙናዎች 57 ከመቶው ላይ ቢራፍ በሚባለው ዘረመል ውስጥ የተፈጠረ ለውጥ ተገኘ፤ ይኸው ለውጥ በአንዳንድ የቆዳ ካንሰሮችም አለ። ስለዚህ አሁን ከዕጢ ወገን ይመደባል። ምደባው ግን የሞት ፍርድ አይደለም። ቁስሉ መንጋጋ ላይ ብቻ ከሆነ መፋቅ፣ ስቴሮይድ ቁስሉ ውስጥ መውጋት ወይም አነስተኛ ጨረር ሊበቃው ይችላል። ወደ ብዙ አካላት ከሄደ፣ በተለይ ጉበትን፣ ጣፊያንና መቅኔን ከነካ፣ ከባድ ነው፤ እንደ ሲታራቢን ያሉ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ያስፈልጉታል። ቢራፍን የሚያግዱ እንክብሎችም አሉ። ብዙ ሕመምተኞችን በፍጥነት ያሻሽላሉ፣ ሲቋረጡ ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

«የልጆች በሽታ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በልጆች ላይ ይበዛል፤ አዋቂን አይዝም ማለት ግን አይደለም።

«የሚያስጠማ ሁሉ ስኳር ነው»

መንጋጋው ላይ ብቻ ያተኮረ ሐኪም የሚያመልጠው ነገር ይህ ነው። በሽታው ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ ዕጢ ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ሆርሞን ይጎድላል፤ ሰውየው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል፣ ጆግ ሙሉ ውኃ ይጠጣል፣ ስኳሩ ቢለካ ግን ልክ ነው። ጥማቱ የመንጋጋው ችግር ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምር፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ሆኖም ዴስሞፕሬሲን የሚባል መድኃኒት ጥማቱንና ሽንቱን ይቆጣጠራል። ስለዚህ ጥርስ ለማሳየት የሄደ ሰው ስለ ጥማቱ፣ ከጆሮው ስለሚወጣው ፈሳሽ፣ በፎረፎር ቅባት አልድን ስላለው የራስ ቆዳ ሽፍታም ይናገር።

ሲጋራም እዚህ ውስጥ አለበት። በአዋቂዎች ሳንባ ላይ የሚታየው የዚህ በሽታ ዓይነት ከያዛቸው ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት አጫሾች ናቸው፤ ማጨስ በማቆም ብቻ የተሻላቸው አሉ።

ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ አይተላለፍም። የቡዳም የእርግማንም ሥራ አይደለም።

የዳነ መንጋጋ እንደገና ሊታመም፣ ወይም በሽታው ሌላ አጥንት ላይ ሊወጣ ስለሚችል ክትትሉ ለዓመታት ይቆያል። የመጀመሪያው የራጅ ፊልምና የፓቶሎጂው ወረቀት ቤት ውስጥ ደኅና ቦታ ይቀመጡ፤ ቀጣዩ ሐኪም አዲሱን ፊልም የሚያነጻጽረው ከእነሱ ጋር ነው።